ሦስት ጊዜ የተቃጠለው ጋርኒሲዮን

ባለፈው ኅዳር አንድ ረፋድ መርሳ ከተማ ከቤቴ ደጅ ወንበር አውጥቼ ብርቱካን እየላጥኩ ተቀምጬ ነበር። ኅዳር በእኛ አገር ደስ ይላል፤ ሙቀቱ ይረግባል፣ የማሽላው ራስ ያጎነብሳል፣ ከቆላው በኩል የሚመጣው ነፋስ የአገዳ ሽታ ይዞ ይመጣል። በዋናው መንገድ አንድ ነጭ ቫን ጥፍ ጥፍ ጥፍ እያለ ወደ ወልድያ አለፈ። ዳገቱን ሲይዝ ጥፍታው ፈጠነ።

«የጭሱ ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል» አልኩ ከብርቱካኔ ቀና ሳልል።

አጠገቤ መጽሐፍ ይዛ የተቀመጠችው የልጄ ልጅ ገረማት። «አባባ፣ ሳያዩት እንዴት አወቁ?»

በአጭሩ ነገርኳት። ሞተር ውስጥ የነደደውን ናፍጣ ጭስ የሚቀበል፣ ባለ አራት እግር ብረት አለ። ያ ብረት ከሞተሩ ጋር በብሎን ይታሰራል። ሁለት ብረት የቱንም ያህል ቢጣበቅ መተንፈሻ አያጣምና በመሃላቸው እሳት የሚችል ስስ ነገር ይገባል። የዛሬ ልጆች ጋስኬት ይሉታል፤ እኛ ጣሊያን ትቶልን በሄደው ስም ጋርኒሲዮን እንለዋለን። እሱ ሲቃጠል ጭሱ ከኋላ በማርሚታው ቱቦ በኩል እንደ ደንቡ መውጣቱን ትቶ እዚያው ያፈተልካል፤ ያ ጥፍታ የዚያ ነው። ልጅቷ «እሺ» ብላ ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። እኔ ግን ቫኑ ወስዶኝ ሄዷልና ወደ ብርቱካኔ መመለስ አልቻልኩም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ከትግራይ እየወረደ ወደ እኛ የተጠጋበት ጊዜ። እኔ የመርሳ ጤና ጣቢያ ሾፌር ነበርኩ። በድርቁ ዘመን የእርዳታ ሰዎች ትተውት የሄዱ አንድ ባለ ናፍጣ ቫን ነበረን፤ ከሐብሩ ገጠር በቃሬዛ የሚመጣውን በሽተኛ ወልድያ ሆስፒታል የማደርሰው በሱ ነው። በዚያን ጊዜ የኔ እኩያ ከገበያም ከሠርግ ቤትም እየታፈሰ ወደ ግንባር ይላክ ነበር። እኔን ያተረፈኝ ሾፌርነቴን የሚመሰክር ማኅተም ያረፈበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ቫኑ ከሄደ እኔም አለሁ፤ ቫኑ ከቆመ ወረቀቱም ወረቀት ብቻ ይሆናል። እናቴ ከኔ ይልቅ ለቫኑ ትጸልይ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ መኪና እንዴት አይታጠብ! ከወልድያ ስመለስ ቀጥታ መርሳ ወንዝ ውስጥ አስገባዋለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ በባልዲ እየቀዳሁ ውጭውንም ውስጡንም አለቀልቀዋለሁ። የመርሳ የመኪና ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከበቅሎ የወረስነው ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ ከመንገድ የገባ ከብት መጀመሪያ ወንዝ ወርዶ ላቡን ይታጠባል። ሞተሩ ቱሽ ብሎ እንፋሎት ሲለቅ ልብስ የሚያጥቡት ልጃገረዶች ይስቃሉ፣ እኔም ሌላ ባልዲ እጨምራለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተቃጠለው በሚያዝያ ነው። በሐራ በኩል ሳልፍ የገበያ ቀን ኖሮ ሜዳው ሙሉ ነበር። ዳር ስደርስ ቫኑ በድንገት ተተ ተተ ተተ ማለት ጀመረ። እኔ ምን ሆነ ብዬ ሳዳምጥ ገበያው ተበተነ። ሰው በርበሬውን ጥሎ፣ ፍየሉን ለቆ፣ ልጁን አዝሎ ሮጠ። መትረየስ መስሏቸው ነው። ወርጄ «እኔ ነኝ! የጤና ጣቢያው ነው!» ብዬ ብጮህም የሚሰማኝ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሽንኩርታቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። «ልጄ፣ ይህን ነገር አሠራው። እኛ ዘንድሮ የተኩስ እጥረት የለብንም» አሉኝ።

የማሠራው ጋሽ ኪሮስ ዘንድ ነበር። ጋሽ ኪሮስ በትውልድ ከትግራይ ናቸው፤ ወልድያ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው ወልደው፣ ማኅበር ይጠጡ ነበር። ጋራዣቸው አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድና አንድ የተቆለፈ ሣጥን ነው። በጦርነቱ ምክንያት ዝግጁ ጋርኒሲዮን አይገኝም፤ ስለዚህ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ያ መጀመሪያ የተቃጠለውም የእሳቸው ሥራ ነበር። እሳት የሚችለውን ግራጫ ሉህ ብረቱ አፍ ላይ ያነጥፉና በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያሉ ይመቱታል። መቀስ የለ፣ መለኪያ የለ፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ከሥር ይቆርጠዋል። ክቡ ቁራጭ ተላቆ ሲወድቅ እኔ አፌን ከፍቼ እቀር ነበር።

ብሎኖቹን ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ሲያጠብቁ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አንሶላ ስታነጥፍ እጅህ ከየት ወደ የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። «ዳሩን አስቀድመህ ብትወጥረው መሃሉ ያብጥብሃል። ይኸም እንደዚያው ነው።»

ከዚያ ሞተሩን አሙቀው፣ አቀዝቅዘው፣ ብሎኖቹን እንደገና ያጠብቃሉ። ብረት ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ አንዴ ጠብቋል ብሎ የሚሄድ መካኒክ ነገ ይመለሳል ይሉ ነበር። ለምን፣ እንዴት፣ መቼ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው አይሰለቹም። «ወደይ» ይሉኛል፤ በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው፤ «ወደይ፣ ያንተ ጥያቄ ከናፍጣው ይበዛል።»

በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ተቃጠለ። ጋሽ ኪሮስ ተገረሙ፣ በሁለት ድርብ ሠሩልኝ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለ። ያን ቀን ቫኑ ውስጥ ሁለት ቀን ያማጠች ሴት ከእናቷ ጋር ነበረች። ዝናብ ስለነበር መስኮቱን ዘግተናል። ከሲሪንቃ አለፍ እንዳልን ጭሱ ውስጥ መግባቱን ያወቅሁት እናትየው ትከሻዬን በቡጢ ስትመታኝ ነው። «ልጄን በጭስ ልትገድላት ነው ወይ?» ትላለች። ዞር ስል ሴትየዋ አንገቷ ወድቋል። በር ከፍቼ፣ በዝናብ አናፍሻት፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ እየነዳሁ ወልድያ አደረስኳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ነቃች፣ ልጁም በሰላም ተወለደ።

ከሆስፒታሉ ወደ ጋሽ ኪሮስ ሄድኩ። የጭስ ብረቱን ፈትተው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱት ጀመር። ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሦስት ታጣቂዎች መጡ። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ይልማ ነው የላካቸው። የሴትየዋን ነገር ከሆስፒታሉ ሰምቶ፣ ሦስት ጊዜ የተሠራ ሦስት ጊዜ ከተቃጠለ አሻጥር ነው ብሏል። ለዓመታት «ኪሮስ መካኒኩ» የነበሩ ሰው፣ ጦርነቱ ሲቃረብ «የትግራዩ መካኒክ» ሆነው ነበርና ይህን ለማመን የሚቸገር ብዙ አልነበረም። ጋሽ ኪሮስ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ብረቱን ለኔ ሰጡኝ፣ ሄዱ። እኔ ደግሞ ዓርብ ለምስክርነት እንድቀርብ ታዘዝኩ። በዚያን ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ከታሰረበት መመለሱን የሚያረጋግጥለት አልነበረም።

ብረቱን በጆንያ ጠቅልዬ በአውቶቡስ መርሳ ተመለስኩ። ጋሽ ኪሮስ ይህን አድርገዋል ብዬ ለአፍታም አላመንኩም። ግን ታዲያ ማን ነው? ምንድን ነው? ዓርብ ሄጄ «ደግ ሰው ናቸው» ብል ማን ይሰማኛል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከሐዘኔ እኩል የማወቅ ጉጉቱ ነበር የሚያሳክከኝ።

ሦስቱንም የተቃጠሉ ጋርኒሲዮኖች አልጣልኳቸውም ነበር። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ሦስቱም የተበሉት እዚያው አንድ ቦታ፣ በአራተኛው ቀዳዳ ጥግ ነው። ሥራው መጥፎ ቢሆን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ በተቃጠለ። ስለዚህ ጥፋቱ ከጋርኒሲዮኑ ሳይሆን ከብረቱ ነው ማለት ነው! ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ከሲስተር ዘምዘም ቁም ሣጥን ላይ የወለቀ መስታወት አመጣሁና ብረቱን በአፉ ደፋሁበት። በመሃሉ ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። በአራተኛው እግር ሥር ግን ምላጭ ገባ። ሁለት ምላጭ ደርቤ ሞከርኩ፤ ገባ። ብረቱ ተጣሟል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በረንዳው ላይ ብቻዬን ዘለልኩ።

ሲስተር ዘምዘም ለዝላዬ ወጥታ መስታወቷን መሬት ላይ ስታይ ተቆጣች፣ ነገሩን ስነግራት ግን ጎንበስ ብላ አየች። ከብረቱ ላይ ቁልቁል የወረዱ ነጫጭ መስመሮች ነበሩ፤ እኔ አመድ ናቸው ብዬ ትቻቸዋለሁ። በጥፍሯ ፋቀቻቸው።

«ይኼማ ኖራ ነው» አለች። «መርፌ የምቀቅልበት ድስት ሥር ሁልጊዜ የሚቀረው ነው። ወላሂ፣ የመርሳ ወንዝ ውሃ ካልፈላ እንዲህ አይጋገርም።» ቀጠለችና «የሞቀውን የመስታወት ሲሪንጅ ሳይበርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከተው ጧ ይላል። ብረትም ስለማይሰነጠቅ ይሆናል የተጣመመው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ውሃው ከየት መጣበት?»

«እንጃ» አልኳት።

ወዲያው ነው ያወቅሁት። ባልዲው፣ እንፋሎቱ፣ የልጃገረዶቹ ሳቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ከወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ የጋለውን ብረት በየጊዜው በቀዝቃዛ ውሃ ያጠመቅኩት እኔ ነኝ። አሻጥረኛ ከተባለም አሻጥረኛው እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ብረቱን፣ ጋርኒሲዮኖቹን፣ መስታወቱንና ምላጩን በጆንያ ይዤ ወልድያ ስደርስ ፖሊስ ጣቢያው ቅጥር ውስጥ ጋሽ ኪሮስን አገናኙኝ። አምስት ብርቱካን ይዤላቸው ነበር። አንዱን ላጡና ግማሹን ለኔ ሰጡኝ።

«አየኸው?» አሉኝ ወደ ጆንያው እያዩ።

«አየሁት ጋሽዬ። ውሃ ነው።»

«አዎ። ያን ዕለት ልነግርህ ስል መጡ።» ብርቱካናቸውን ቀስ ብለው አኘኩ። «ስማኝ ወደይ። ሲጠይቁህ አላውቅም በል። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው። እኔን ቢይዙኝ መኪናቸው ሲበላሽ ይፈቱኛል። አንተን ከያዙህ ግን ወረቀትህን ቀምተው ግንባር ነው የሚልኩህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

እውነት ይፈቱኛል ብለው አምነው ይሁን ሊያጽናኑኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ እሺ አልኩ። አልዋሽም፣ እሺ ያልኩት ከልቤ ነው፤ እፎይ ብያለሁ።

ጓድ ይልማ ቢሮ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ጠባቂ፣ ጥግ ላይ የቆሙት ጋሽ ኪሮስና ለምስክርነት የተጠራችው ሲስተር ዘምዘም ነበሩ።

«ሦስቱንም ጊዜ የሠራው ይህ ሰው ነው?» አለኝ ይልማ።

«አዎ ጓድ።»

«ሦስቱንም ጊዜ ተቃጥሏል?»

«አዎ ጓድ።»

«እንግዲህ አበቃ። ይህ ሰው ሆን ብሎ መናኛ ጋርኒሲዮን እየሠራ…»

«ጋርኒሲዮኑማ ጥፋት የለበትም!» አልኩ።

ይህን ያለችው ምላሴ ናት። ሰውየው ስለማያውቀው ነገር እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር መስማት አልቻልኩም። ያገኘሁትን ስንት ቀን በሆዴ ይዤዋለሁ፤ ከሲስተር ሌላ የሚያይልኝ ሰው አጥቼ ፈንድቼ ልሞት ነበር። ጆንያውን ዘርግፌ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ፣ ብረቱን ደፋሁበት፣ ምላጩን አስገባሁ። «ይዩ፣ መሃሉ አይገባም፤ እዚህ ግን ይገባል! ሦስቱም የተቃጠሉት እዚችው ጋ ነው፣ ይመልከቱ!» አልኩ። ኖራውን አሳየሁ፣ የሲስተርን ሲሪንጅ ተረክሁ፤ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚኮማተር በእጄ ሠርቼ አሳየሁ። ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ተጠግተው አዩ። ይልማ ራሱ ምላጩን ተቀብሎ ሞከረው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደምጬ አላውቅም።

«እውነትም» አለ ይልማ ምላጩን እያስቀመጠ። «ታዲያ ውሃውን ማን አፈሰሰበት?»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ጋሽ ኪሮስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲስተር ዘምዘም መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ወንዝ ውስጥ ሳጥበው።»

ጋሽ ኪሮስ የዚያኑ ቀን ተፈቱ። እኔ ወረቀቴን አስረከብኩ። በሐምሌ ወሰዱኝ። መንግሥቱ ሲወድቅ ወደ ቤቴ የተመለስኩት ግራ እግሬን እያነከስኩ ነው፤ እናቴን በሕይወት አላገኘኋትም። ስለዚያ ዘመን ሌላ ጊዜም አልጽፍም።

ጋሽ ኪሮስ ግን ታሪኩን ራሳቸው በሚያውቁት መንገድ ለሰው ሁሉ ነገሩት። በየማኅበሩ፣ በየልጆቻቸው ሠርግ ላይ ያስነሡኝና «ይህ ልጅ ዝም እንዲል ለምኜው ነበር። ለኔ ሲል ራሱን አሳልፎ ሰጠ» ይላሉ። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔም አቀረቅራለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። እኔ እኮ ያን ቀን ለማንም ስል ምንም አላደረግሁም፤ ያወቅሁትን ለማሳየት ስንቀለቀል ገደል ገባሁ እንጂ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው አስቤ አፈርኩ። አንድ ቀን አልጋ ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እጄን ያዙና ለልጆቻቸው እንደገና ያንኑ አወሩላቸው። እንደዚያው እንዳመኑ አረፉ፤ ቀበርናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነት እንደገና ወደ ወልድያና መርሳ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሽ ኪሮስ ትንሿ ልጅ ለተብርሃን አንዲት ሕፃን አዝላ ደጄ ላይ ቆመች። በእግሯ ነበር የመጣችው። «አባዬ ነገር ሲከፋ መርሳ ያለው ልጄ ዘንድ ሂዱ ብሎን ነበር። እሱ አሳልፎ አይሰጣችሁም ብሎናል» አለችኝ።

አስገባኋት። ከሷ ጋር አብሮ የገባው፣ አባቷ ሲያወሩለት የኖሩት ያ ሰው ነው፤ እኔ ሆኜው የማላውቀው ሰው። ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሕፃኗ ሸንኮራ ስትመጥ፣ እሷ እንቅልፍ ሲጥላት፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እጠባበቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጦርነቱ ያሳበዳቸው ጎረምሶች መጡ። ዱላ የያዘም አለ፣ ጠመንጃ የያዘም አለ። ከመሃላቸው ሁለቱን ሲወለዱ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

«አባባ፣ ቤትዎ የገባችው ሴት ማን ናት?» አሉኝ።

«ልጄ ናት» አልኩ።

«ሌላ ሴት ልጅ እንዳለዎት አናውቅም።»

«የልጅነት ነገሬን ሁሉ ለእናንተ ልናገር ኖሯል? ከወልድያ የወለድኳት ልጄ ናት አልኳችሁ!»

ባለቤቴ ከጓዳ ትሰማለች። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ናት፤ ወጥታ አጠገቤ ቆመችና «ምን ሆናችሁ? የእንጀራ ልጄን ልትቀሙኝ ነው?» አለቻቸው። ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ይቅርታ ጠየቀ። ሄዱ።

ለተብርሃን አሁን ደህና ናት፤ የት እንዳለች ግን እዚህ አልጽፍም። በየዓውደ ዓመቱ ስትደውል «አባባ» ትለኛለች፣ ሕፃኗም አያቷ ነኝ ብላ ታምናለች። ንስሐ አባቴ ዋሽተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ትንሹንም ትልቁንም እነግራቸዋለሁ። ስለ ጋሽ ኪሮስ ዝም ማለቴንም ነግሬያቸዋለሁ። ያችን የደጄን ውሸት ግን አልተናዘዝኳትም። ሰው ያልተጸጸተበትን ምን ብሎ ይናዘዛል?